የኦክ ዛፍ ጥጋብና እጦት፣ የአጋዘኖቹም ኑሮ



 በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ርእሴ በየቀኑ በጥላው ሥር የምናልፈው የኦክ ዛፍና ማታ ማታ በመኪናችን መብራት ውስጥ ድንገት ብቅ የሚለው አጋዘን ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኦክ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ነጩ ኦክ ከ1941 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ዛፍ ተብሎ ተሰይሟል። ዋሽንግተን ከተማም ለራሷ የመረጠችው ከቀዮቹ ኦኮች ወገን የሆነውን፣ በመፀው ወራት ቅጠሉ ደም መስሎ የሚቀላውን ዛፍ ነው።

አንዳንድ ዓመት የዚህ ዛፍ ፍሬ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሲደበድብ ያድራል፤ የእግረኛ መንገዱ በፍሬ ይሸፈንና መራመድ እስኪያስቸግር ያዳልጣል። በሌላው ዓመት ያው ዛፍ፣ በዚያው ቦታ ቆሞ፣ እፍኝ የማይሞላ ፍሬ ይሰጣል። በ2008 መፀው በአርሊንግተንና በሌሎች የሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢዎች የተፈጥሮ ባለሙያዎች ፍሬ ፍለጋ ወጥተው በብዙ ቦታ አንዲትም ሳያገኙ ተመለሱ። ሽኮኮዎች ተራቡ፤ ነዋሪውም ዛፎቹ ታመው ይሆን ብሎ ሰጋ። ዛፎቹ ግን ጤነኞች ነበሩ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ፍሬው ተመለሰ።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የኦክ ዛፍ በአንዳንድ ዓመት ፍሬ መንፈጉ ዘሩ የሚድንበት መንገድ ነው። አጋዘኑም በዚህ ዛፍ ጥጋብና እጦት መካከል መኖርን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲለማመድ ኖሯል። ስለዚህ ዛፉንም ሆነ አጋዘኑን በአንድ ዓመት አይተን የምንሰጠው ፍርድ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

በመጀመሪያ ፍሬው እንዴት እንደሚፈጠር እንይ። ኦክ በነፋስ የሚዳቀል ዛፍ ነው። በፀደይ ቅጠሉ ሲፈነዳ ወንዴ አበባዎቹ በቀጭን ዘለላ ተንዠርግገው ይወርዳሉ፤ ነፋስም ብናኛቸውን ይዞ ይሄዳል። በኤፕሪል ወር መኪናችንን ቢጫ የሚያለብሰው፣ ብዙዎቻችንንም የሚያስነጥሰን ብናኝ ከዚሁ ዛፍ የሚመጣ ድርሻው ትልቅ ነው። ሴቴ አበባዎቹ እጅግ ትናንሽ ስለሆኑ ልብ ብሎ ያላያቸው ሰው መኖራቸውንም አያውቅም። ብናኙ እነዚህን ካላገኘ ፍሬ የለም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ የኦክ ወገኖች ይለያያሉ። ነጩ ኦክ በፀደይ አብቦ በዚያው ዓመት መፀው ፍሬውን ያደርሳል። የቀዩ ኦክ ወገን ግን በአንዱ ፀደይ ያበበውን የሚያደርሰው በሁለተኛው ዓመት መፀው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በአበባ ሰዓት የመታ ውርጭ የነጩን ኦክ ፍሬ ዘንድሮውኑ ያጠፋል፤ በቀዩ ኦክ አበባ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ጎልቶ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚገኙበት ጫካ ለእንስሳቱ ዋስትና የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢነፍግ ሌላው የመስጠት ዕድል አለው። 2008ን ከባድ ያደረገው ሁለቱም አንድ ላይ መንፈጋቸው ነበር።

ዛፉ ለፍሬው የሚያወጣው ወጪ ቀላል አይደለም። አንድ ትልቅ ነጭ ኦክ በጥሩ ዓመት ከ10 ሺህ በላይ ፍሬ ሊያወርድ ይችላል። እያንዳንዷ ፍሬ በስታርችና በቅባት የተሞላች፣ ለሚወለደው ቡቃያ የተቋጠረች ስንቅ ናት። ዛፉ ያን ያህል ስንቅ በየዓመቱ ሊቋጥር አይችልም። ከቡና አገር የመጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት ቅርብ ነን። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ የቡና ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያንስ፣ ጉልበቱን እስኪመልስም ጊዜ እንደሚፈልግ ገበሬዎቻችን ያውቃሉ። ኦክም እንዲሁ ከከፍተኛ ምርት በኋላ ያርፋል፤ ለዓመታት ያጠራቅማል። በአሜሪካ የደን ባለሙያዎች መዝገብ መሠረት ነጩ ኦክ ጥሩ ምርት የሚሰጠው በየ4 እስከ 10 ዓመቱ ሲሆን ሰሜናዊው ቀይ ኦክ በየ2 እስከ 5 ዓመቱ ነው።

ነገር ግን ኦክ ከቡናው የሚለይበት ትልቅ ጉዳይ አለ። እኛ የምናውቀው የዓረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል። ኦክ ግን በአብዛኛው የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ኦክ የመጣ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንድ ዛፍ ጎረቤቶቹ ባላበቡበት ዓመት ለብቻው ቢያብብ ምን ይሆናል? አበባው ሳይዳቀል ይረግፋል። ፍሬ ስላልቋጠረ ስንቁ ሳይነካ ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፈዋል፤ ያን ጊዜ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ያብባል። ዛፎቹ ሳይነጋገሩ የሚገናኙት በዚህ ነው፤ ለብቻው የወጣው በባዶ ይመለሳል፣ አብሮ ያበበው ያፈራል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ጫካው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ በአንድ ጊዜም የሚነፍግ ይሆናል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1997 ይህን ሐሳብ በሒሳብ ቀመር አቅርበውታል፤ ከዚያ ወዲህም የብዙ ጥናቶች መነሻ ሆኗል።

የአየር ጠባዩም ድርሻ ትልቅ ነው። በካሊፎርኒያ ካርሜል ሸለቆ፣ ሄስቲንግስ በሚባለው የምርምር ጥብቅ ስፍራ፣ ዋልተር ኬኒግና ባልደረቦቹ ከ1980 ጀምሮ የኦክ ፍሬ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ከ200 በላይ የሆኑ ዛፎችን እየለዩ፣ እነዚያኑ ዛፎች በየመፀው እየተመለሱ ያያሉ። ከዚህ የረጅም ዘመን ቆጠራ የተገኘ አንድ ግልጽ ነገር አለ፤ የካሊፎርኒያው የሸለቆ ኦክ ኤፕሪል ሞቅ ባለበት ዓመት የበለጠ ያፈራል። ሙቀቱ አበባዎቹ ተቀራርበው እንዲፈኩ ስለሚያደርግ ብናኙ ሴቴ አበባዎቹን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ዝናባማና ቀዝቃዛ ፀደይ ደግሞ ብናኙን አርጥቦ ያስቀረዋል።

ኬኒግና ዮሐንስ ኖፕስ ያሳዩት ሌላው ነገር ይህ መተባበር የሚደርስበት ርቀት ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ኦኮች በአንድ ዓመት ሊሰጡና በአንድ ዓመት ሊነፍጉ ይችላሉ። ብናኝ ያን ያህል ርቀት ተጉዞ ሁሉንም ሊያስማማ አይችልም። ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው የአየር ጠባይ ነው። አውስትራሊያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፓትሪክ ሞራን በ1953 የካናዳን የዱር ድመቶች ቁጥር ሲያጠና ይህንኑ መርሕ አስቀምጦት ነበር፤ ተራርቀው የሚኖሩ ፍጥረታት አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ ከነካቸው ቁጥራቸው አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

እስካሁን የነገርኳችሁ እንዴት እንደሚሆን ነው። ለምን እንደዚህ ያለ ጠባይ ጸንቶ ኖረ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ በላተኞቹ ይወስደናል። የኦክን ፍሬ የሚበላው ብዙ ነው፤ አጋዘን፣ ድብ፣ ሽኮኮ፣ አይጥ፣ የዱር ቱርክ፣ ልዩ ልዩ ወፍ። ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው ግን ነቀዝ ነው። እናት ነቀዝ ፍሬው ገና በዛፍ ላይ ሳለ በረጅም አፏ ትበሳውና እንቁላሏን ትጥልበታለች። ትሉ የፍሬውን ውስጥ በልቶ፣ ፍሬው ከወደቀ በኋላ ሸንቁሮ ይወጣና አፈር ውስጥ ይገባል።

ዛፉ በየዓመቱ መካከለኛ ምርት ቢሰጥ ኖሮ እነዚህ ሁሉ በላተኞች በዚያ ልክ ተራብተው ሁሉንም ይጨርሱት ነበር። ዛፉ ዓመታትን ነፍጎ በአንድ ዓመት ሲያዘንብ ግን በእጦቱ የሳሳው የበላተኛ ቁጥር ያን ሁሉ ሊጨርስ አይችልም፤ የተረፈው ይበቅላል። ዳንኤል ጃንዘን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሐሳብ አጥብቆ አቅርቧል። ከበላተኛው አቅም በላይ መስጠት፣ ከዚያም ማስራብ ማለት ነው። በእጦት ዓመት የወደቀች ጥቂት ፍሬ አንዲትም ሳትቀር ልትበላ ትችላለች። ዛሬ በጫካ ውስጥ የምናያቸው ግዙፍ ኦኮች ብዙዎቹ በጥጋብ ዓመት የወደቁ ፍሬዎች ልጆች ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛፉ ይህን የሚያስብበት ልብ የለውም። በየዓመቱ እኩል ያፈሩት ዘራቸው ተበልቶ አለቀ፤ አብረው የሰጡትና አብረው የነፈጉት ግን ልጅ ተከሉ። ጠባዩ የቀረው በልጆቻቸው ነው።

አሁን ወደ አጋዘኑ እንምጣ። እዚህ አገር የምናየው ነጭ ጭራ አጋዘን የሚያመሰኳ፣ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ያለው እንስሳ ነው። ከመፀው የሚፈልገው አንድ ትልቅ ነገር ስብ ነው። ኖቬምበር የስሪያ ወቅቱ ነው፤ ወንዱ በዚያ ወር እንስት ፍለጋ ሲሮጥ መብላቱን ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይወርዳል። እንስቷ ከስሪያ በኋላ ወደ 200 ቀን ያህል አርግዛ በሜይ መጨረሻና በጁን ትወልዳለች፤ እርግዝናዋ ቅጠል በሌለበት ብርድ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በመፀው ያልሰባ አጋዘን ብርዱን የሚሻገረው በችግር ነው። የኦክ ፍሬ ፕሮቲኑ አነስተኛ ቢሆንም በስታርችና በቅባት የበለጸገ ስለሆነ ለዚህ ጊዜ የሚመች ምግብ ነው። በጥጋብ ዓመት አጋዘን በመፀው ከሚበላው ከግማሽ የሚበልጠው የኦክ ፍሬ ሊሆን ይችላል።

ፍሬው ግን መከላከያ አለው፤ አፍ የሚያኮማትር ታኒን የተባለ ቅመም። ታኒን ፕሮቲንን እየያዘ እንዳይፈጭ ያደርጋል። አጋዘን ለዚህ በምራቁ ውስጥ መልስ አለው፤ ታኒኑን ቀድመው የሚይዙ ፕሮቲኖች ከምራቁ ይመነጫሉ። እንዲያም ሆኖ ይመርጣል። የነጩ ኦክ ፍሬ ታኒኑ አነስተኛ ስለሆነ አስቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የቀዩ ኦክ ፍሬ ቅባቱ ቢበዛም ይመርራል፤ ስለዚህ ይቆያል። ሌላም ምክንያት አለ። የነጩ ኦክ ፍሬ እንደወደቀ በዚያው መፀው ሥር መስደድ ይጀምራል፤ የቀዩ ግን በረዶውን ተኝቶ አሳልፎ በፀደይ ይበቅላል። ሽኮኮዎች ይህን ልዩነት በሚያስገርም ብልሃት ይጠቀሙበታል፤ የነጩን ወዲያው ይበሉታል፣ ወይም የሚበቅልበትን ጫፍ ነክሰው ገድለው ይቀብሩታል፤ የቀዩን ግን እንዳለ ይቀብሩታል። አጋዘኑም በረዶ ሲገባ በኮቴው ቅጠል እየገለጠ የሚፈልገው ይህንኑ የቀዩን ፍሬ ነው።

አጋዘን ለዛፉ ጥጋብና እጦት የመጀመሪያ መልሱን የሚሰጠው በእግሩ ነው። ከዋሽንግተን በስተምዕራብ፣ በፍሮንት ሮያል ቨርጂኒያ፣ የስሚዝሶኒያን ተቋም የምርምር ጣቢያ አለ። ዊልያም መክሼይና ባልደረባው በዚያ ያካሄዱትን ጥናት በ1993 አሳትመዋል። በእንስት አጋዘኖች አንገት ላይ ሬዲዮ አስረው ተከታተሏቸው። አጋዘን በቀዬዋ የጸናች ናት፤ እናቷ በኖረችበት አካባቢ ትኖራለች። ፍሬ በሚወርድበት ወቅት ግን እንስቶቹ የሚንቀሳቀሱበትን ቀዬ ወደሚያፈሩት ኦኮች አሰፉት። ጫካው ሲነፍግ አጋዘኑ ወደ ሌላ ምግብ ይዞራል፤ ወደ ጫካ ዳር፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ሰው ግቢ።

አዳኞች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ጫካው በፍሬ በተሞላ ዓመት አጋዘን ከጫካ ስለማይወጣ በሜዳና በእርሻ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። በእጦት ዓመት አጋዘኑ ምግብ ፍለጋ ሲንከራተት ይታያል። የዌስት ቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የዱር ፍሬዎችን ሁኔታ እየዳሰሰ ለአዳኞች የሚያስታውቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ መፀው ብዙ አጋዘን አይቶ ቁጥራቸው ጨመረ ቢል፣ በሚቀጥለው ሳያይ ቀርቶ አለቁ ቢል፣ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ያየው የቁጥርን ለውጥ ሳይሆን የቦታን ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መልስ በሰውነቱ ይታያል። በደቡባዊ አፓላቺያን ተራሮች የተካሄዱ ጥናቶች የኦክ ፍሬ ምርት ከወጣት አጋዘኖች ክብደትና ከወንዶቹ የቀንድ ዕድገት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። የእርሻ ማሳ በሌለበት ተራራማ ጫካ ይህ ትስስር ይጠነክራል፤ ሌላ የሚጠጉበት የለምና። በእጦት ዓመት ቀንበጥና እምቡጥ፣ የሐረግ ቅጠል፣ በብርድ የማይረግፍ ተክል ሁሉ ይበላል። ግቢያችን የተከልነው አበባ በአንድ ሌሊት ሲመለጥ አጋዘኑ ጠግቦ ሲያበላሽ አይደለም፤ የጫካው ጓዳ ባዶ ሆኖበት ይሆናል።

ሦስተኛው መልስ በወሊድ ነው፤ በዚህ ግን አጋዘን ከአይጥ እጅግ ይለያል። ነጭ እግር የምትባለው የጫካ አይጥ በጥጋብ ዓመት ፍሬ ታከማቻለች፤ ብርዱን በደህና አልፋ ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች፤ በሚቀጥለው በጋ ጫካው በአይጥ ይሞላል። እጦት ሲመጣ ቁጥሯ ይወድቃል። አጋዘን ለዓመታት የሚኖር፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ግልገል የሚወልድ እንስሳ ነው። ጥጋቡን በስቡና በግልገሎቹ ጥንካሬ ያስቀምጠዋል፣ እጦቱን በእግሩ ያልፈዋል። ስለዚህ ቁጥሩ የዛፉን ምርት ተከትሎ በየዓመቱ አይናጥም።

የአይጧና የአጋዘኑ ነገር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ይህ ደግሞ የእያንዳንዳችንን ጤና ይነካል። በኒው ዮርክ ግዛት ሚልብሩክ በሚገኘው የኬሪ ተቋም ሪቻርድ ኦስትፌልድና ባልደረቦቹ፣ በ1990ዎቹ በታተሙ ጥናቶቻቸው፣ ከኦክ ፍሬ ተነሥቶ እስከ ላይም በሽታ የሚደርሰውን ሰንሰለት ገልጸዋል። ፍሬ በበዛበት መፀው አጋዘኖች ወደ ኦኮቹ ይሰበሰባሉ። በላያቸው ያሉት ጎልማሳ መዥገሮች ጠግበው እዚያው ይረግፋሉ፤ በኋላም እንቁላል ይጥላሉ። በሚቀጥለው በጋ ትናንሾቹ መዥገሮች ሲፈለፈሉ በጥጋቡ የተባዙትን አይጦች ያገኛሉ፤ የላይም ባክቴሪያ የሚጋባባቸውም ከእነዚህ አይጦች ነው። እነዚያው መዥገሮች በሁለተኛው ዓመት ፀደይና በጋ አድገው ሌላ ደም ሲፈልጉ ሰውን ይነክሳሉ። ስለዚህ አደጋው የሚበረታው ፍሬው ከበዛ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ2010 በሃድሰን ሸለቆ ፍሬው በዝቶ በ2011 ጠፋ፤ የአይጦቹም ቁጥር ወደቀ። ተመራማሪዎቹ በ2012 ፀደይ መዥገሮቹ አይጥ አጥተው ወደ ሰው እንዳይዞሩ ሕዝቡን አስጠነቀቁ። የዛሬን ፍሬ የሚያይ ሰው የከርሞ በስቲያን ሥጋት ያያል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን ዛሬ የሚሠራው በተለወጠ አገር ላይ ነው። ቀድሞ በእነዚህ ተራሮች ከኦክ ጎን የአሜሪካ ቼስትነት ዛፍ ነበር፤ ዘግይቶ ስለሚያብብ ውርጭ የማይነካው፣ እንደ ኦክ ሳይነፍግ በየዓመቱ የሚያፈራ ዛፍ። በ1904 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የእንስሳት መጠበቂያ የታየ የፈንገስ በሽታ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቼስትነቶችን ገደለ። ኦክ ባዶውን ቦታ ሸፈነ፤ እንስሳቱም ይበልጥ በሚዋዥቅ ምግብ ላይ ወደቁ። ተኩላና ፑማ ከአብዛኛው የምሥራቅ ጫካ ጠፍተዋል። የኦክን ፍሬ እየተከተለ ሰማይ ይሸፍን የነበረው መንገደኛ እርግብም የመጨረሻዋ በ1914 በሲንሲናቲ ሞታለች።

አጋዘኑ ግን በዛ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአደን ብዛት በመላ አሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው ነጭ ጭራ አጋዘን ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። የሚያድነው አውሬ ጥቂት ነው፤ የእርሻ ማሳና የከተማ አትክልት በእጦት ዓመት ያተርፈዋል። የኦኩ ብልሃት ደግሞ እጦት በላተኛውን እንደሚያሳሳ የሚተማመን ነበር። የእኛ ግቢ ያተረፈው አጋዘን በጥጋብ ዓመት ፍሬውን ይበላል፤ ተርፎ የበቀለውን ቡቃያ ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት ጫፉን ይቀነጥሰዋል። አጋዘን በበዛበት ጫካ ትልልቅ ኦክ አለ፤ ተተኪ ግን የለም። በዋሽንግተን የሮክ ክሪክ ፓርክ አስተዳደር ከ2013 ጀምሮ የአጋዘኖቹን ቁጥር ለመቀነስ የተነሣው ለዚህ ነው። ውሳኔው ብዙ ሰው አሳዝኗል። እኔም አጋዘን ሲሞት ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ችግኝ የማይተካበት ጫካ ለአጋዘኑም የማይሆን ጫካ መሆኑን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አጋዘን አናብላ። በእጦት ዓመት ከሲታ አጋዘን አይቶ በቆሎ መበተን ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ አጋዘኖች በሽታ ይለዋወጣሉ። አንጎላቸውን እየበላ የሚገድላቸውና መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ በቨርጂኒያ በ2009 ታይቷል፤ ሕጉም መመገብን የሚገድበው በዚህ ምክንያት ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር ሌሊት የምታሽከረክሩ፣ በተለይ በታክሲና በጭነት ሥራ የምትተዳደሩ፣ ጀንበር ስትጠልቅና ሲነጋ ቀስ በሉ። አንድ አጋዘን ካለፈ ሌላ ይከተላል። ፍሬ ከበዛበት መፀው በኋላ በሁለተኛው በጋ ልጆቻችሁን ከጫካ ሲመለሱ ገላቸውን ለመዥገር ፈትሹ።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ኦክ ትከሉ። በጥጋብ ዓመት ፍሬ ሰብስቡና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን አብዛኛውን ጊዜ ነቀዝ በልቶታልና ጣሉት፤ የሰጠመውን ውሰዱ። የነጩን ኦክ ሳይደርቅ በዚያው መፀው ቅበሩት። የቀዩንም እንዲሁ መቅበር ይቻላል፤ ብርዱን መሬት ውስጥ ማሳለፍ አለበት። ከሽኮኮ እንዲተርፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፤ ሲበቅልም አጋዘን ከሚደርስበት ከፍታ እስኪያልፍ ድረስ ሽቦውን አታንሡ።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የካሊፎርኒያዎቹ ቆጣሪዎች ስልት ለማንም ቀላል ነው። ፍሬው ሊረግፍ ሲቃረብ ሁለት ሰዎች ከዛፉ ሥር ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸው የዛፉን የተለያየ ክፍል እያዩ በ15 ሰከንድ የቻሉትን ያህል ፍሬ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱን ይደምራሉ። ከርቀት የሚያቀርብ መነጽር ካለ ይረዳል። ከልጃችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ጋር አንድ ዛፍ ምረጡ፤ ቁጥሩን ጻፉ፤ በየዓመቱ ያንኑ ዛፍ ቁጠሩ። የአንድ ዓመት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። የአምስት ዓመት ቁጥር ዛፋችሁ መቼ እንደሰጠ፣ መቼ እንደነፈገ፣ ከሰፈሩ ዛፎች ጋር ይስማማ እንደሆነ ያሳያችኋል። የአሥር ዓመት ቁጥር ያለው ልጅ ስለዚህ ጫካ ብዙ አዋቂ የማያውቀውን ያውቃል።

በዚህ አገር ልጆች እያሳደግን ነው፤ ጫካውም ጫካቸው ነው። በጥጋቡ ዓመት ሳይታለሉ፣ በእጦቱ ዓመትም ተስፋ ሳይቆርጡ የሚመለከቱት ሰዎች ያስፈልጉታል። ከእኛ መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዲወጡ እመኛለሁ።